እንግዳው ያላየው ልጅ

ጠዋት ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት መጀመሪያ የማደርገው ነገር እጄን ለእንግዳው ማሳየት ነው። መዳፌን ወደ ላይ፣ ከዚያ ገልበጥ፣ ከዚያ ጣቶቼን ፈልቀቅ። ጥፍሬ ትንሽ ካደገ ይናገራል። ሽንኩርት ከትፌ ከሆነም ያውቃል። «ይቅርታ ተንከባካቢ ሄራን፣ እጅዎን በድጋሚ ይታጠቡ» ይለኛል፤ እኔም እታጠባለሁ። ይሄን ትእዛዝ ያወጣው ሰው የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውሃ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም።

እንግዳው ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ነጭ ሰሃን ቢጤ ነው። የመንግሥት ስሙ ረዥም ነው፤ መሐሉ ላይ «ደህንነት» የሚል አለበት። የሕንጻችን ሴቶች ግን ከገባበት ሳምንት ጀምሮ እንግዳው አልነው። ቤትሽ ተቀምጦ የማትቆጪው፣ ፊቱ የማትጮኺው፣ ቀሚስሽን አስተካክለሽ የምታልፊው እንግዳ ብቻ ነዋ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግሥቱ ብር፣ ከዚያ ወዲያ ብረት ይባል የለ? የኔው ብረት ሆኖ ዝጎም አልሄደም።

ሰው ስሜን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ሄራን የአሮጊት ስም ሆኗል። የኔ ዘመን ሴቶች ሁላችንም ሄራን፣ ኤልዳና፣ ሶልያና ነን፤ ጥርሳችን ረግፎ። የዛሬ ልጆች ደግሞ የሽማግሌ ስም ይዘው ይወለዳሉ። ወላጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ እኔ ቤት የሚውሉት ልጆች ተዋበች፣ ደምሰውና ይርጋ ይባላሉ። ሦስቱ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጡ የእድር ስብሰባ ይመስላሉ።

ሕጉ ብዙ ነው። ልጅ መሳም አይቻልም። እንትፍ እንትፍ ብሎ መመረቅ አይቻልም። በእጅ ማጉረስ አይቻልም፤ እጀታው ረዥም የሆነ ማንኪያ ሰጥተውናል። ልጅ ጭኔ ላይ ትንሽ ከቆየ እንግዳው ደወል ያሰማል። ልጆቹ ባሉበት ሽሮ ማንተክተክ ክልክል ነው፤ እንፋሎት ነው። ጋቢ ማልበስ ክልክል ነው፤ ይታፈናሉ። ከሁሉም በላይ ማዘል ክልክል ነው። ሕጉ ማዘል እንኳ አይለውም፤ «ልጅን በአዋቂ ጀርባ ላይ አስሮ ማቆየት» ነው የሚለው። አስሮ ይላል። እኔ ወህኒ ጠባቂ ነኝ እንዴ?

እውነቱን ለመናገር ሕጉ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። ድሮ ቤት ውስጥ ልጅ መያዝ ማለት ማንም ተነስቶ ልጅ ሰብስቦ፣ በር ቆልፎባቸው ገበያ የሚሄድበት ሥራ ነበር። የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ነበሩ። አንዲቱ ሴትዮ ደግሞ ልጅ አዝላ ቆማ ወሬ ስትሰልቅ ልጁ ጀርባዋ ላይ ታፍኖ ሞተባት፤ አገር አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ። ሕጉ ሲመጣ እሰየው ካሉት አንዷ ነበርኩ። እንዲህ ጓዙን ጠቅልሎ ጣሪያዬ ላይ እንደሚሰፍር ግን ማን አወቀ?

ቤቱ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ካገኘ ያኔውኑ ለልጅ ይታሸጋል። ልጆቹ በዚያው ቀን ወደ ማዕከሉ ይሄዳሉ።

ማዕከሉ አሮጌው መናኸሪያ አጠገብ ያለው ትልቁ ሕንጻ ነው። እዚያ አንድም ጥፋት ተመዝግቦ አያውቅም ይላሉ፤ እውነት ነው። ልጆቹ በየአልጋቸው ናቸው። አልጋው ራሱ ይወዘውዛቸዋል፣ ወተቱ ራሱ ይመጣል፣ ማንም አይነካቸውም። ማንም ካልነካቸው ማን ይጎዳቸዋል?

ይርጋ የመጣው ከዚያ ነው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እናቱ ማህደር ይዛው መጣች። ማህደር የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ዘመድ የላት፣ ባል የላት፣ ብቻዋን ናት። ልጁ አያለቅስም። ራበው አያለቅስም፣ ረጠበ አያለቅስም፣ ወደቀ አያለቅስም። ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል። ማህደር ኩራት ቢጤ እየተሰማት «ጨዋ ልጅ ነው እትዬ፣ አያስቸግርም» አለችኝ። ልጅ ማልቀስ የሚተወው አልቅሶ አልቅሶ የሚመጣለት ሲያጣ ነው። ይሄ ለእናት በምን አፍ ይነገራል?

እኔም ሥራዬ ብዬ እሱን ማልቀስ ማስተማር ያዝኩ። ትንሽ ከተነጫነጨ እሮጣለሁ፤ ደወሉ እስኪጮህ አቅፈዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ደግሞ አነሳዋለሁ። የሚያየኝ ሰው ያበድኩ ይመስለው ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ኩባያ ከእጄ ወደቀ፤ ይርጋ ደነገጠና ወደኔ እጁን ዘርግቶ እሪ አለ። እንዴት ያለ ለቅሶ ነው! ማታ ማህደር ስትመጣ ነገርኳት። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ እሱ ደግሞ አጀበን። እንግዳው «የስሜት መረበሽ ታይቷል» ብሎ መዘገበው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዬ ያ ነው።

ሁለተኛው ደምሰው ከጉንፋን ሲነሳ እንትፍ እንትፍ ብዬ የመረቅኩት ዕለት መጣ። አፌ ቀደመኝ።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ውስጥ እንደ ሌባ ነው የምራመደው። ማህደር በመጣች ቁጥር ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ይርጋ ተመልሶ ማዕከሉ ከገባ ያ ዝምታው እንደሚመለስ አሁን እሷም ገብቷታል። «አደራ እትዬ፣ ተጠንቀቂልኝ» ትላለች። እጠነቀቃለሁ እላታለሁ።

ያን ቀን ውርጩ መስኮቱን ነጭ አድርጎት ነበር። ልጆቹ ቁርሳቸውን በረዥሙ ማንኪያ በልተው እንደጨረሱ መብራት ሄደ። አገሩ ሁሉ ሲለወጥ መብራት ብቻ የመሄድ ጠባዩን አልተወም። ማሞቂያው ጠፋ። እንግዳው የራሱ ባትሪ ስላለው ምንም አልሆነም፤ «የክፍሉ ሙቀት ከሚፈቀደው በታች ነው፤ እባክዎ ሙቀቱን ከፍ ያድርጉ» አለኝ። በምን? ከሰል ክልክል፣ ጋቢ ክልክል። ተዋበችና ደምሰው ተለቅ ያሉ ናቸው፤ ዝለሉ አልኳቸው፣ ዘለሉ፣ ሞቃቸው። ይርጋ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነው፤ ምን ብሎ ይዘላል? መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከንፈሩ ጠቆር አለ።

አለቀሰ። አቀፍኩት። ደወሉ ጮኸ። «ልጁ ራሱን እንዲያረጋጋ ጊዜ ይስጡት» አለኝ እንግዳው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ማስጠንቀቂያው ትዝ አለኝና አስቀመጥኩት። እግሩን አሸሁለት፣ ተነሳሁ፣ መስኮቱን አየሁ፣ ተመለስኩ። ለቅሶው ከፍ አለ፣ ከዚያ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ተመስገን፣ መለስ አለለት ብዬ ዞር ስል ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል። ሁለት እጁን ዘርግቷል፤ ግን ወደኔ አይደለም። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ያንን ነጭ ሰሃን ነው አንሳኝ ብሎ የሚለምነው።

ደሜ ፈላ። ከቁም ሳጥኑ ነጠላዬን አወጣሁ፤ ልጁን ወደ ጀርባዬ ገለበጥኩት፤ ጎንበስ ብዬ በነጠላው ጠበቅ አድርጌ አዘልኩትና ጋቢዬን ከላይ ደረብኩ። እሹሩሩ እያልኩ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተመላለስኩ። ትንሽ ቆይቶ ጉንጩን ጀርባዬ ላይ ሲያሳርፍ ተሰማኝ። መንቀጥቀጡ ተወው። እኔንም ሞቀኝ፤ ይሄ ሁሉ ጊዜ በርዶኝ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ይርጋ አይታይም» አለ እንግዳው።

ጀርባዬ ላይ ነው አልኩት። በቃል የተሰጠ ማረጋገጫ እንደማይመዘገብ ነገረኝና ልጁን እንዳሳየው ጠየቀኝ። እንግዳው ከልብስ ሥር ማየት አይችልም፤ እንዳያይ በሌላ ሕግ ታግዷል፣ ለሰው ክብር ተብሎ። ስለዚህ ጋቢውን ከገለጥኩ ታስሮ የተገኘ ልጅ ነው፣ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ። ካልገለጥኩ የጠፋ ልጅ ነው፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል። በሁለቱም በኩል ገደል ነው። ቆም ብዬ አሰብኩ ልል ነበር፤ ያዘለ ሰው መች ይቆማል? እየተወዛወዝኩ አሰብኩ። ሰውዬው እስኪመጣ ቢያንስ ልጁ ይተኛል አልኩ። በሩ ራሱን ቆለፈ። ለወላጆች መልእክት ሄደ፤ የማህደር መልእክት «ልጅዎ አልተገኘም» የሚል ነበር።

የመጣው ተቆጣጣሪ ኢዮስያስ የሚባል ወጣት ነው፤ ፊቱ የዋህ፣ ጫማው ንጹሕ። ይርጋ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ጀርባዬ ላይ ነው አልኩት። ወደ ኋላዬ ሄዶ ግድግዳውን አየ። ከዚያ በደንባቸው መሠረት ፍለጋውን ጀመረ፦ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤት፣ የዱቄቱን ባልዲ እንኳ ከፍቶ አየ። እኔ እየተወዛወዝኩ እከተለዋለሁ። ልጇን አዝላ ልጇን ትፈልጋለች ይሉ ነበር እናቶቻችን፤ የኛው ደግሞ እኔ አዝዬ እሱ ይፈልጋል። ተዋበች አላስችላት ብሎ «ጋሼ፣ እትዬ ላይ ነው ያለው» አለችው። እትዬ ላይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። የማዕከል ልጅ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ። በዕድሜው የታዘለ ልጅ አይቶ አያውቅም።

ማህደር እየሮጠች ደረሰች። ፀጉሯ ላይ የፋብሪካው ጥጥ እንዳለ ነው፤ ትንፋሿ ተቆርጧል። ከሥራ ፈረቃዋ ጥላ ወጥታ በዚያ ብርድ ሙሉውን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። ከዚያ ከጋቢዬ ሥር የወጣች አንዲት ትንሽ እግር አየች። መጥታ እግሩን በሁለት እጇ ያዘችው።

ኢዮስያስም ያኔ አየ። ቀስ ብሎ ቀረበ።

«እዚህ ነው የነበረው?»

«እዚህ ነው።»

«ይተነፍሳል?»

«ጆሮህን አስጠጋ።»

ጆሮውን ወደ ጋቢው አስጠጋ። ብዙ ቆየ፤ መተንፈሱን ለማወቅ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል። «አይከብድም?» አለኝ። ይከብዳል አልኩት። ሌላ የሚጠይቀው ነገር ያለ መሰለኝ፤ እንግዳው ግን ልጁ ተገኝቷል ወይ ብሎ አቋረጠው። ኢዮስያስ መሬት መሬት እያየ «ተገኝቷል። ታስሮ» አለ።

ቤቴ እንዲህ ታሸገ። አልፈርድበትም፤ እሱም ሌላ እንግዳ ከላዩ አለበት።

ማህደር ልጁን እንዳላወርደው ለመነችኝ። «ተኝቷል እትዬ። ለኔ ስጪኝ።» እናት የራሷን ልጅ ብታዝል ሕጉ አይነካትም፤ ሕጉ የወጣው ለኛ ለተንከባካቢዎች ነው። ግን እንዴት እንደሚታዘል አታውቅም፤ ከሐኪም ቤት የተሰጣት የልጅ መግፊያ ጋሪ ነበር። ጎንበስ በይ አልኳት። ጀርባ ለጀርባ ተጠግተን ሳይነቃ አሻገርኩላት፤ ነጠላውን ደረቷ ላይ ቋጠርኩላት፤ ጋቢዬንም ሰጠኋት። ቀጥ ብላ ለመቆም ፈራች። «አይወድቅም?» አለችኝ። ወዝወዝ በይ፣ እሱ ይይዝሻል አልኳት። ደረጃውን እንቁላል እንደያዘች ወረደች። ተዋበችና ደምሰውን የማዕከሉ መኪና ወሰዳቸው። ተዋበች በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ለጉብኝት የሄደች መስሏታል።

እንግዳው አልሄደም። የታሸገ ቤት ልጅ እንዳይገባበት መጠበቅ አለበት። አሁን ተንከባካቢ አይለኝም፤ «ወይዘሮ ሄራን» ነው የሚለኝ። እጄን አያይም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽሮዬን እንደልቤ አንተከተክሁና አፌ ውስጥ አልገባ አለኝ። መቀመጥም አልቻልኩም። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ፤ ባዶ ጀርባ ይዤ።

ማህደር ይርጋን ማዕከሉ አላስገባችውም። በማግሥቱ አዝላው፣ ጋቢውን ደርባበት ፋብሪካ ሄደች። የፋብሪካው በር ላይም እንግዳ አለ፤ አንዲት ሴት ገባች ብሎ መዘገበ። ጋቢ ለበሱ ብሎ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ብርድ ነው። ይሄንን ለጓደኞቿ ነገረቻቸው። ከዚያ ሴቶች አንድ በአንድ እኔ ቤት መምጣት ጀመሩ፤ ትራስ እያዘልኩ አስተማርኳቸው። እንግዳው እያየ ምንም አላለም። ትራስ ማዘል አልተከለከለም። በዚያ ወር ዜናው «በከተማችን ከመዝገብ የጠፉ ሕጻናት በርክተዋል» አለ። መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ወዝወዝ እያለች የምትሄድ ሴት ባየሁ ቁጥር የጠፋው እዚህ ነው እላለሁ በልቤ፤ ደስም ይለኝ ነበር።

ደስታዬ ያን ሰሞን ብቻ ነው። አንድ እሑድ ማህደር ይርጋን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣችና ደረጃው ላይ ተገናኘን። ደረጃው ላይ እንግዳ የለም። ጋቢውን ስትገልጠው የልጁ ሽፋሽፍት ላይ ጥጥ ተጣብቋል። ሳለ። ደረቅ ሳል ነው፣ የሽማግሌ ሳል፣ ከስሙ ጋር የሚሄድ። ማህደር ጥጡን በጣቷ እየለቀመች «የፋብሪካው ብናኝ ነው፤ ይለምደዋል» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነው የሚለው። ያ ሁሉ የደህንነት ሕግ ልጁን ገፍቶ ገፍቶ ብናኝ ውስጥ ዶለው። እኔም አብሬ ገፍቻለሁ፣ እያስተማርኩ። ያን ቀን እግሬ አላርፍ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ጠበቅኳት። «እዚያ አትውሰጂው። እኔ ጋ ይዋል» አልኳት። ቤቱ እኮ ታሽጓል አለችኝ። «እንግዳው የሚያየው አንዲት ሴትዮ ብቻ ነው» አልኳት፤ ጎንበስ አልኩ፣ ጀርባ ለጀርባ አሻገረችልኝ። አሁን ሠልጥናለች። ጋቢዬን ደረብኩና ገባሁ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሄራን» አለኝ እንግዳው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። ይርጋ ሳለ።

«ሳል ተሰምቷል። አሞዎታል?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እርጅና ነው።»

«በእርስዎ ዕድሜ ብርድ አደገኛ ነው። ጋቢዎን ደረብ ያድርጉ።»

ደረብኩት። ምክሩን እግዜር ይስጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ እንውላለን። መኝታ ቤት ውስጥ ሌላ እንግዳ አለ፤ ልጁን የማወርድበት አንድ ሥፍራ መታጠቢያ ቤቱ ነው፣ እዚያ ማየት ተከልክሏል። እዚያ አጎርሰዋለሁ፣ በእጄ፤ እዚያ እስመዋለሁ። የቀረውን ቀን ጀርባዬ ላይ ነው። ሳሉ እየቀነሰለት መጣ። ወገቤን ተዉት።

ግን ልጅ ነው፤ ያለቅሳል። ሳሉን የኔ ነው እላለሁ፤ የልጅ ለቅሶን ምን ልበለው? መጀመሪያ ሲያለቅስ እንግዳው «የሕጻን ድምፅ ተሰምቷል፣ እየተጣራ ነው» አለ፤ ሬዲዮ ከፍቼ ሬዲዮ ነው ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲያ ገና መነጫነጭ ሲጀምር እሽሽ፣ እሽሽ እለዋለሁ፤ ጣቴን ወደ ኋላ ሰድጄ ከንፈሩ ላይ አሳርፋለሁ። ለማስለቀስ ስንት ወር የለፋሁበትን ልጅ። ለመልመድ ግን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

ትናንት ማህደር ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ልጁን እያሻገርኩላት እንዴት ዋለ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አልኳት። «አያስቸግርም።»

ምን እንዳልኩ የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷም ሰማች። ሁለታችንም ጋቢውን ገለጥ አድርገን አየነው። ይርጋ ነቅቷል፤ ዓይኑን አፍጥጦ ባዶውን የደረጃ ጣሪያ ያያል።